ከእንፋሎት ቁፋሮ አጠገብ ለሚኖር ቀበሌ የአደጋ ጊዜ ዝግጅት፦ ሪግ (የቁፋሮው ማሽን) ከመተከሉ በፊት ጀምሮ ሕዝቡ ወደ ቤቱ እስኪመለስ

ይህ መመሪያ እንደ አሉቶ፣ ቱሉ ሞዬ፣ ኮርቤቲና ተንዳሆ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የከርሰ ምድር እንፋሎት (ጂኦተርማል) ቁፋሮ ሲካሄድ በአቅራቢያው ለሚገኙ የቀበሌ አመራሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የእድር ዳኞችና የኩባንያ የማኅበረሰብ ግንኙነት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ቁፋሮ ባለበት ቦታ ሁሉ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አለ ይባላል፤ ዕቅዱ ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በካምፑ ቢሮ የተቀመጠ፣ የሪጉን ሠራተኞች ብቻ ከአጥሩ ውስጥ ወደ መሰብሰቢያቸው የሚመራ ሰነድ ነው። ከአጥሩ ውጭ እርሻውን የሚያርሰው ሰው ምን እንደሚሰማ፣ ከማን እንደሚሰማና በየት በኩል እንደሚወጣ አልተጻፈበትም። ከጉድጓዱ አፍ እስከ መጨረሻው ጎጆ ያለውን ይህን ክፍተት መዝጋት የሚቻለው ሪጉ ከመተከሉ በፊት ነው፤ ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ፈጽሙ።

ደረጃ 1፦ አደጋውን በዓይነቱ ለዩ

ከእንፋሎት ጉድጓድ ሦስት ነገሮች ሊያመልጡ ይችላሉ፤ የሦስቱም ምላሽ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ጋዝ ነው። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው፤ ከ1 ፒፒኤም ባነሰ መጠን እንኳ፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ አንድ እጅ ሳይሞላ፣ ይሸታል። መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም ሲደርስ ግን አፍንጫን በደቂቃዎች ውስጥ ያደነዝዛል፤ በመሆኑም ሽታው መጥፋቱ ጋዙ ለመሄዱ ማረጋገጫ አይሆንም። ከ500 ፒፒኤም በላይ ሰውን በደቂቃዎች ይጥላል፤ ከ1000 ፒፒኤም በላይ ሲሆን ጥቂት ትንፋሽ ራስን ለማሳት ይበቃል። ከአየር የሚከብድ ስለሆነ በሸለቆ፣ በጉድባ፣ በምንጭ ዳርና በዝቅተኛ እርሻ ላይ ይተኛል። ከእርሱ ጋር አብሮ በብዛት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ይከብዳል፤ ይኸኛው ጭራሽ ሽታ የለውም።

ሁለተኛው እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ከሚሞቅ ጥልቀት የሚመጣ እንፋሎትና ፍል ውኃ ነው፤ ጉዳቱ በአብዛኛው ለጉድጓዱ ቅርብ በሆኑ ሰዎችና ከብቶች ላይ ይደርሳል። ሦስተኛው ከጉድጓዱ የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ሲሆን፣ አርሴኒክ፣ ቦሮንና ፍሎራይድ ሊኖርበት ስለሚችል ከማጠራቀሚያ ኩሬው ገንፍሎ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ከብት ማጠጫ ከገባ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በእነዚህ አካባቢዎች የተፈጥሮ የእንፋሎት መውጫና ፍል ውኃ ስላለ ነዋሪው የድኝ ሽታን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሽታ አያስደነግጠውም። «ሲሸታችሁ ውጡ» የሚል ትምህርት ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይሰናከላል፦ ሽታው ቀላል ሲሆን የሚሰማው የለም፤ ሽታው የሚገድል ሲሆን የሚያሸት አፍንጫ የለም። ማንቂያው ከመሣሪያ እንጂ ከአፍንጫ አይምጣ።

ደረጃ 2፦ ከኩባንያው የሚፈለገውን በጽሑፍ ተቀበሉ

የቀበሌው አስተዳደር በማኅተም ደብዳቤ የሚከተሉትን ይጠይቅ፤ የወረዳው የአደጋ ስጋት አመራር ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ ይድረሰው።

1. ጉድጓዱ ከቁጥጥር ቢወጣ ጋዙ በክፉ ሁኔታ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ፣ ለቀንና ነፋስ ለሌለበት ሌሊት ለየብቻ ተሠርቶ።
2. የቋሚ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያዎች ቦታ። ቢያንስ አንዳንዶቹ ከአጥሩ ውጭ፣ ለጉድጓዱ ቅርብ በሆኑ ቤቶችና በዝቅተኛ ቦታዎች ይተከሉ።
3. በየፈረቃው ያለው የሪግ ኃላፊ ስምና ስልክ። የአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ስልክ አይጠቅማችሁም።
4. የቁፋሮው የጊዜ ሰሌዳ፣ በተለይም ጉድጓዱ ለፍሰት ሙከራ (የሚወጣውን እንፋሎት ለመለካት) የሚከፈትባቸው ቀናት።
5. የአየር ሲሊንደር ያላቸው የመተንፈሻ መሣሪያዎች ብዛትና ከእነዚህ ውስጥ ለመንደር ፍለጋ የተመደቡት።

የሚከለክላችሁ ካለ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና የማኅበረሰቡ አስተያየት እንዲካተትበት እንደሚያዝዝ ጠቅሳችሁ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቅርቡ። ካርታው በእንግሊዝኛ ብቻ ከመጣ አትፈርሙበት፤ የቦታ ስሞቹ ነዋሪው በሚጠራቸው ስም ተጽፈው እንዲመለስ አድርጉ። መንግሥት ያወጣው የጎጥ ስምና ሕዝቡ የሚጠራው ስም የሚለያይባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ በአደጋ ሰዓት በሬዲዮ የተጠራው ጎጥ የት እንዳለ የሚከራከሩ ሰዎች ውድ ደቂቃዎችን ያባክናሉ።

ደረጃ 3፦ ቤት ለቤት ቁጠሩ

በካርታው ክልል ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የጎጡ ተጠሪ አብረው ይዙሩ። የሰው ቁጥር ብቻ አይበቃም። መራመድ የማይችሉ አረጋውያን፣ አራሶች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ ሌሊት ከብት በረት የሚያድሩ እረኞች፣ በእያንዳንዱ ቤት ያለ ስልክና የሚነገረው ቋንቋ ይመዝገብ። ለእያንዳንዱ መራመድ ለማይችል ሰው ተሸካሚ ሁለት ጎረቤቶች በስም ይመደቡለት፤ «ጎረቤት ያግዘዋል» ብሎ ማለፍ ማንንም አለመመደብ ነው።

እንደ ተንዳሆ ባሉ የአርብቶ አደር አካባቢዎች የቤት ቆጠራ በወራት ውስጥ ይበላሻል፤ ሰው ከመንጋው ጋር ይሄዳል። እዚያ መዝገቡ በውኃ ነጥብና በግጦሽ ቦታ ይሠራ፤ የማስጠንቀቂያ መልእክትም የአፋር ሕዝብ ዜና በሚለዋወጥበት በዳጉ አስቀድሞ እንዲገባ ከጎሳ መሪዎች ጋር ተስማሙ።

ደረጃ 4፦ «ውጡ» የሚለው ማን እንደሆነ ወስኑ

ከሁሉም ደረጃ ይበልጥ ጊዜ ስጡት። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2003 በቻይና ቾንግቺንግ፣ ካይሺያን ወረዳ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አንድ የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ ከቁጥጥር ወጥቶ 243 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተመረዙ የአካባቢው ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። የሚወጣውን ጋዝ ለኩሶ መርዝነቱን ለመቀነስ ወደ 18 ሰዓታት ገደማ ፈጀ። የእንፋሎት ጉድጓድ እንደዚያ አይለኮስም፤ መፍትሔው ዋናውን ቫልቭ መዝጋት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ማፈን ነው። ውሳኔ ሲዘገይ የሚከፈለው ዋጋ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ በሌሊት ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ የሚጠፋው እያንዳንዱ ደቂቃ የሚቆጠረው በሰው ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በጽሑፍ ተስማምታችሁ ኩባንያው፣ ቀበሌውና ወረዳው ይፈርሙበት።

1. በፈረቃ ላይ ያለው የሪግ ኃላፊ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ የመንደሩን ማንቂያ ያስነሳል። አለቃው በስልክ እስኪገኝ አይጠብቅም።
2. ከአጥሩ ውጭ ያለ ጠቋሚ 10 ፒፒኤም ካሳየና በተጨማሪ ንባብ ከተረጋገጠ ቅርብ ያሉ ቤቶች ይወጣሉ። ጉድጓዱ ከቁጥጥር ከወጣ ግን ንባብ አይጠበቅም።
3. የጎጡ ተጠሪ ማንቂያውን ሰምቶ የማጣራት ሥልጣን የለውም፤ ሥራው ማስወጣት ብቻ ነው።
4. ተጠሪው ከሌለ ምትኩ፣ ምትኩም ከሌለ ሦስተኛው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። በገበያ ቀንና በክብረ በዓል ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከቀበሌ እንዳይወጡ።

እዚህ ላይ የሚያጋጥማችሁ መሰናክል ፍርሃት ነው። ኃላፊው «በከንቱ ሕዝብ ባስደነግጥ እጠየቃለሁ» ብሎ ያመነታል። ስምምነቱ ላይ «በቅን ልቦና ለተነሣ ማንቂያ፣ አደጋ ባይኖርም፣ ማንም አይጠየቅም» የሚል አንቀጽ ካልገባ ሌላው አንቀጽ ሁሉ በሌሊት አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ድምፁን ምረጡ

የእድር ጡሩምባን ለዚህ አገልግሎት አትጠቀሙ። ጡሩምባ ሲነፋ ሰው የሞት መርዶ ነው ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ይሰበሰባል፣ ማን እንደሞተ ይጠይቃል፣ ወደ ለቅሶ ቤት ያመራል። እሪታም ያው ነው፤ እሪ የሚል ድምፅ የሰማ ገበሬ ዱላውን ይዞ ወደ ድምፁ ይሮጣል፤ ይህ ደግ ልማድ በጋዝ አደጋ ጊዜ ሰዎችን ወደ ሞት ይመራል። የምትመርጡት ድምፅ በአካባቢው ለሌላ ነገር የማይውል፣ «ሽሽ» ማለት ብቻ የሆነ መሆን አለበት፤ ከፍና ዝቅ የሚል ሳይረን ይሻላል።

ሳይረኑ በካምፑ ውስጥ ብቻ ከሆነ ነፋስ በተቃራኒ ሲነፍስ አይሰማም፤ በየጎጡ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ያለው አንድ ይተከል። ከእርሱ ጋር ሜጋፎን ለተጠሪው ይሰጥ፤ የሚነገረውም አጭር መልእክት ነዋሪው በሚናገረው ቋንቋ ይዘጋጅ፦ በአሉቶና በቱሉ ሞዬ በአፋን ኦሮሞ፣ በተንዳሆ በአፋርኛ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሠፋሪ ካለ በእርሱም። መልእክቱ ከሦስት ነገር አይበልጥ፦ ጋዝ ወጥቷል፤ በዚህ በኩል ውጡ፤ አትመለሱ። መስማት ለተሳናቸው የተመደበው ጎረቤት በር አንኳኩቶ ሳይሆን ገብቶ ይቀስቅስ።

በስልክ ላይ አትመኩ። ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት አይሠራም፤ ጉድጓድ ሲከፈት ወይም ሲያመልጥ የሚያሰማው ጩኸትም ቅርብ ያለን ሰው በስልክ እንዳይሰማ ያደርገዋል። ለሪግ ኃላፊውና ለጎጥ ተጠሪዎች የእጅ ሬዲዮ ኩባንያው ይስጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን በተወሰነ ሰዓት ተጠራርተው ባትሪውን ያረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ መውጫ መንገዶችን አዘጋጁ

በከፍታ ቦታ ላይ፣ ከየቤቱ የሚታዩ የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ጨርቆችን ስቀሉ። የመውጫው ሕግ አንድ ነው፦ ነፋሱን ወደ ጎን አቋርጣችሁ ሽሹ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ከነፋሱ ጋር የሚሸሽ ሰው ጋዙ ይከተለዋል። በሌሊት ነፋስ ሲረጋ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ስለሚወርድ ጋዙም በሸለቆው ይወርዳል፤ ጨርቁ ካልተንቀሳቀሰ ሸለቆውን ተዉና ዳገቱን ያዙ።

ለእያንዳንዱ ጎጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መንገዶችና ሁለት መሰብሰቢያዎች ይኑሩ። ትምህርት ቤቱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ መሰብሰቢያ አይሆንም፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ካለ ተዉት። መንገዶቹን በክረምትም በበጋም በእግር ሂዱባቸው፤ በበጋ የሚሻገሩት ደረቅ ወንዝ በሐምሌ ይሞላል። ጋሪ፣ ባጃጅና አይሱዙ ያላቸው ሰዎች አረጋውያንንና አራሶችን እንዲያጓጉዙ አስቀድመው ይፈርሙ፤ የነዳጅ ወጪውን ኩባንያው እንደሚሸፍንም በስምምነቱ ይግባ።

ደረጃ 7፦ ልጆችና ከብት

ሰው ወደ አደጋው የሚመለሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ልጁ ነው። መምህራን ተማሪውን በክፍል በክፍል ይዘው በቀጥታ ወደ መሰብሰቢያው እንደሚሄዱ፣ ወላጅም ልጁን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከመሰብሰቢያው እንደሚወስድ በወላጆች ስብሰባ ደጋግማችሁ አስረዱ፤ ወላጅ ካላመነው ይህ ዕቅድ አይሠራም።

ሁለተኛው ከብት ነው። «ከብቱን ተዉት» ብሎ ማዘዝ ገበሬውን አለማወቅ ነው፤ በሬው የዓመት እህሉ ነው። ትእዛዙ «ፍቱና ልቀቁ» ይሁን፦ በረቱን ክፈቱ፣ የታሰረውን ፍቱ፣ አትንዱ። ሌሊት ከብት በቶሎ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰር። የሞተ ከብት ካሣ እንዴት እንደሚከፈል ከቁፋሮው በፊት በጽሑፍ ያልተስማማ ኩባንያ ካለ፣ ገበሬው ለበሬው እንዲመለስ እያደረገው እንደሆነ ንገሩት።

ደረጃ 8፦ ጤና ኬላውን አስታጥቁ

በጨርቅ፣ በእርጥብ ነጠላ ወይም በተራ ጭምብል አፍን መሸፈን ከሃይድሮጂን ሰልፋይድ አያድንም፤ ይህን ለሁሉም አስተምሩ። የወደቀን ሰው ሊያወጣ የሚገባው የአየር ሲሊንደር የለበሰና የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር የታፈነን ወንድማቸውን ሊያወጡ ገብተው ተከታትለው የሞቱ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ የገጠር ነዋሪ ጥቂት ነው፤ ይህንኑ ምሳሌ ጥቀሱ፤ ይገባቸዋል።

ወደ ንጹሕ አየር ለወጣ ተጎጂ፦ ልብሱን አላሉ፤ ካልተነፈሰ ደረቱን በመጫን ርዳታ ጀምሩ፤ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ጣቢያ አድርሱ። ለቃጠሎ፦ 20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አብርዱ፤ ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና ወይም ጭቃ አትቀቡ። የኦክስጅን ሲሊንደር በጤና ጣቢያው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ መሞላቱንም አረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ ተለማመዱ

የመጀመሪያው ልምምድ ሪጉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቀን፣ ሁለተኛው በሌሊት ይሁን። የሌሊቱን አትዝለሉ፤ የዕቅዱ ጉድለት የሚታየው በእርሱ ነው። ከሳይረኑ እስከ መጨረሻው ሰው መድረስ ያለውን ጊዜ መዝግቡና በደረጃ 2 ካገኛችሁት የጋዝ ካርታ ጋር አስተያዩ። ሰዎቻቸው መሰብሰቢያው ከመድረሳቸው በፊት ጋዙ የሚደርስባቸው ቤቶች ካሉ፣ መፍትሔው ፈጥኖ መሮጥ አይደለም፤ እነዚያ ቤተሰቦች በኩባንያው ወጪ አደገኛዎቹ የቁፋሮ ሳምንታት እስኪያልፉ ሌላ ቦታ ይቆዩ።

ደረጃ 10፦ ጉድጓድ የሚከፈትበት ቀን

ሪጉ ቆፍሮ ሲጨርስ ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2021 በኢንዶኔዥያ ሰሜን ሱማትራ፣ ሶሪክ ማራፒ በተባለው የእንፋሎት መስክ፣ አንድ ጉድጓድ በተከፈተበት ዕለት በአቅራቢያው የነበሩ 5 የመንደር ነዋሪዎች በሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ ለፍሰት ሙከራ የሚከተሉትን ጠይቁ፦ ቀኑ አስቀድሞ በየቤቱ ይነገር፤ የሚከፈተው በቀን ብርሃን ነፋስ ሲኖር ይሁን፤ በካርታው የቅርብ ክልል ያለ ሰውና ከብት ወጥቶ በስም መዝገብ ይረጋገጥ፤ የቀበሌው ተወካይ ሬዲዮ ይዞ ከሪግ ኃላፊው ጎን ይቁምና «ሜዳው ባዶ ነው» ብሎ ሳይፈርም ቫልቩ አይከፈት። ቀኑ ከተቀየረ ማስታወቂያው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር።

ደረጃ 11፦ ማንቂያው ሲነሣ

1. የነፋሱን ጨርቅ እዩ፤ መንገዱን ምረጡ።
2. እሳት፣ ኩራዝና ሲጋራ አጥፉ፤ ጋዙ ይቀጣጠላል። ሞተር ለማስነሣት ወደ ጋዙ አቅጣጫ አትሂዱ።
3. በረት ክፈቱ፤ ልጆችንና የተመደበላችሁን ሰው ያዙ፤ ውጡ።
4. የወደቀ ሰው ካያችሁ ቦታውን ልብ በሉ፤ አትቅረቡ፤ ለአዳኞች ንገሩ።
5. በመሰብሰቢያው ስም ይጠራ። የጎደለው በሬዲዮ ለሪግ ኃላፊው ይነገር፤ የሚፈልገው መሣሪያ የለበሰው ቡድን ነው።
6. መንገዱ ከተዘጋ ሁለተኛውን ያዙ፤ ሁለቱም ከተዘጉ በቅርብ ወዳለው ከፍተኛ ቦታ ወጥታችሁ በሬዲዮ ወይም ችቦ ባልሆነ ብርሃን ምልክት ስጡ።

ደረጃ 12፦ መመለስ

የጉድጓዱ መዘጋት ለመመለስ አይበቃም። ቤት፣ ጎተራ፣ ጉድባና የውኃ ጉድጓድ በጋዝ መለኪያ ተፈትሸው በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ማንም አይግባ፤ ዝቅተኛ ቦታ መጨረሻ ላይ ይፈተሽ፤ ጋዝ የሚዘገየው እዚያ ነው። የማጠራቀሚያው ኩሬ ከገነፈለ የምንጭና የከብት ማጠጫ ውኃ ናሙና ውጤት እስኪመጣ ኩባንያው በቦቴ ውኃ ያቅርብ። የናሙናውን ግማሽ ቀበሌው በራሱ እጅ ይዞ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላክ፤ የፍሎራይዱ ውጤት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የሊትር 1.5 ሚሊግራም መጠን ጋር ብቻ ሳይሆን ከቁፋሮው በፊት ከነበረው የዚያው ምንጭ ውጤት ጋር ይነጻጸር፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ምንጭ ከመጀመሪያውም ፍሎራይድ ስላለበት የቀድሞው ውጤት በእጃችሁ ከሌለ ማን እንዳበላሸው ማስረዳት አትችሉም። ይህን የመጀመሪያ ናሙና እስካሁን ያልወሰደ ቀበሌ ካለ ሪጉ መሬቱን ሳይነካ በዚህ ሳምንት ይውሰድ።